ፋርመርስ ብራንች ውስጥ ያቃጠልናት ከተማ

«እኔ መቼ ነው የለመንኩት? እስቲ ልጁ ፊት ይንገሩኝ ጋሽ አያሌው! ‹እባካችሁ› የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?»

ሻለቃ ደምሴ ሁለት እጃቸውን ካርታው ላይ ተክለው ቆመዋል። ጋሽ አያሌው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በከራቫታቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

«አልወጣም» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ ነኝ የለመንኩልዎ።»

«ማን ለምንልኝ አለዎት?»

«የተጣላ ሰው ‹ለምኑልኝ› ይላል እንዴ? ሳይል ነው እንጂ የሚለመንለት።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ? ጨዋታ እኮ ነው ጋሼ! ወረቀትና ዳይስ!»

«ጨዋታ ከሆነማ ምን እንዲህ ያስጮኽዎታል?»

ሻለቃ እጃቸውን ከካርታው ላይ አነሡና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ገጣሚው? እኔ ያልኩትንም፣ እሳቸው ያደረሱትንም ሰምተሃል። አፍ የለህም?»

ከኮሪደሩ ማዶ፣ በሌላኛው ክፍል፣ አሜሪካኖቹ ሳንድዊች እየበሉ ይስቃሉ። ጠቡን የቀሰቀሰው ከእነሱ ዘንድ ይዤ የመጣሁት መልእክት ነው። የጨዋታው አዘጋጅ፣ ኮሎኔሉ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንዲህ ያለ ማታለል በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም በለው» ብሎኝ ነበር። «ሲለምነን ደካማ መሰለን። ደፍረን መታነው፤ ለካ እሱ ጣቱን ማስፈንጠሪያው ላይ አድርጎ ነው የሚለምነን። ሰኞ ሥራ እንዲጀምርልኝ እፈልጋለሁ።» እኔም አንድ ቃል ሳላስቀር ለሻለቃ ነገርኳቸው።

ሻለቃ አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ የጠበቁት ቃል ያ «ሰኞ» የሚለው ነበር። የመጣላቸው ግን ባላሉት ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ተጋምሰዋል። እኔ ሃያዎቹን ያላገባደድኩ፣ አንድ ሥራ ላይ በጋና ክረምት የማላሳልፍ ችኩል ሰው ነበርኩ። ዳላስ አጠገብ ባለችው ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን እጭናለሁ፤ የተቀደዱት ካርቶኖች ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ትክክለኛው ቃል ከተገኘ የማይረታ ሰው የለም ብዬ ግን አምን ነበር።

የምኖረው ፎርት ዎርዝ፣ ጋሽ አያሌው ቤት ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። እሳቸው ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከክፍል ወደ ክፍል በማመላለስ ይተዳደራሉ። አበሻው የሚያውቃቸው ግን በሽማግሌነታቸው ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካሰሱ፣ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሃይዌይ ላይ መንዳት ስለማይወዱ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ አሠራራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ባል «ሁለተኛ ዓይኗን እንዳላይ!» ብሎ ሲፎክር ይሰሙታል። ከዚያ ሜስኪት የምትባለው ከተማ ድረስ አስነድተውኝ ሚስቱ ዘንድ ይገቡና «አንቺ ከወጣሽ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለውም» ይሏታል።

«ጋሼ፣ ይኼ ውሸት አይደለም?» አልኳቸው ስንመለስ።

«እሳት ብቻውን መንገድ አያቋርጥም ልጄ» አሉኝ። «ተሸካሚ ይፈልጋል። እኔ አልሸከምም፤ በቃ።»

ባልና ሚስቱ ታረቁ። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም።

ሻለቃ ደምሴ የጋሽ አያሌው የማኅበር ጓደኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ተልከው ለዓመታት የሚሳይል ጦርነት ተምረዋል። በዚያን ጊዜ ዳላስ መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ሊያቆሙት የገቡበት መኪና ወንበር ላይ በሩሲያኛ የተጻፈ መጽሐፍ አዩ። ቁልፉን ሲመልሱ ርዕሱን ለባለመኪናው አነበቡለት። ባለመኪናው ኮሎኔሉ ነበር።

ኮሎኔሉ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው የኑክሌር ቦምብ የት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጣል ሲያቅድ ነው። አሁን ከመጋዘኖቹ ጀርባ መስኮት የሌለው ቢሮ ተከራይቶ የጦር ጨዋታ ያዘጋጃል። ካርታ ይዘረጋል፣ ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በሁለት ክፍል ያስቀምጣል፣ ያዋጋቸዋል፣ ዕድል የሚወስነውን ነገር ነጠብጣብ ያለባትን የዳይስ ጠጠር ወርውሮ ይወስናል። ከጨዋታው የተገኘው ትምህርት ሪፖርት ሆኖ ዋሽንግተን ይሄዳል። እዚያ አዲስ ዶክትሪን የሚጽፉ ሰዎች ያነቡታል።

ለሁለት ቀን ሻለቃን የትንሿ አገር አዛዥ አደረጋቸው፤ እሳቸው ቀይ ቡድን፣ አሜሪካኖቹ ሰማያዊ ቡድን። «አገር ቤት ቀይ፣ እዚህም ቀይ!» ብለው ሳቁ ሻለቃ። ሥራው ካማረ ቋሚ አደርግሃለሁ ብሏቸዋል። በእንግሊዝኛ ወይም በሩሲያኛ እንዲናገሩ ግን አልፈለገም።

«ሰው ከልቡ የሚፈራው በአፍ መፍቻው ነው» አለኝ ምክንያቱን ስጠይቀው። «እንዲፈራልኝ እፈልጋለሁ።»

ስለዚህ ሁለት አስተርጓሚ ቀጠረ። የቀዩን መልእክት ወደ ሰማያዊ የሚያደርሱት ጋሽ አያሌው፣ የሰማያዊውን ወደ ቀይ የማደርሰው እኔ። ጋሽ አያሌውን ያመጧቸው ሻለቃ ራሳቸው ናቸው። «ከእሳቸው የሚታመን ሰው የት አገኛለሁ?» ነበር ያሉት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ኮሎኔሉ ካርታው ፊት ቆሞ አስረዳን።

«ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር» አለ። «እነሱ ካቃጠሉን እናቃጥላቸዋለን። ይህን ሁለታችንም ስለምናውቅ ማንም አይተኩስም። አሁን ግን ከሰማይ ሁሉን እናያለን፤ ያየነውን ቦምብ በመስኮት አስገብተን እንመታለን። ኑክሌር ሳንነካ የሌላውን ኑክሌር ማጥፋት እንችላለን። እና ጥቂት ሚሳይል ያላት ትንሽ አገር ይህን ስታውቅ ምን ታደርጋለች? እሱን ነው የምፈልገው።»

ስተረጉምላቸው ከሻለቃ ፊት ላይ ፈገግታው ጠፋ።

«መምህሮቻችን ይህ ቀን እንደሚመጣ ነግረውናል» አሉ። «ጥይት ዓይን ያበቀለ ዕለት ትንሹ ሰውዬ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል። ሳይመታ መተኮስ፣ ወይም ተመትቶ ባዶ እጁን መቅረት።»

የሰማያዊ ቡድን መሪ ሊንዳ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። እርሳስ ትነክሳለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት እንዳያልፋት ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። ሚሳይሎቹ የተደበቁበትን ተራራና የሰማያዊ መርከቦች የቆሙበትን ወደብ አሳየችኝ። በወደቡ ከተማ ምን ያህል ሰው እንደሚኖር ጠየቅኋት።

«ፎርት ዎርዝን አስብ» አለችኝ።

«እኔ የምኖረው ፎርት ዎርዝ ነው።»

«ኦ፣ ይቅርታ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያ ነጥብ ለእኔ ነጥብ መሆኑ ቀረ። የጋሽ አያሌው ሆስፒታል በላዩ ቆመ። ቤንዚን የምቀዳበት ማደያ፣ ካሸሯ ሴትዮ፣ እሑድ እሑድ የማያቸው በብስክሌት የሚሽቀዳደሙ ልጆች ሁሉ ካርታው ላይ ገቡ።

የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ሰማያዊዎቹ የቀይን ራዳሮች በሙሉ አጥፍተው ነበር። አንድም ኑክሌር አልተኮሰም፤ ዓይናቸውን ብቻ አወጧቸው። በማግስቱ ጠዋት ሊንዳ መልእክት ሰጠችኝ። «ከድንበሩ ጦራችሁን አውጡ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ተራራው ነው» የሚል ነበር። እኔ በትክክለኛነቴ የምኮራ ሰው ነኝ። ቃል በቃል፣ ድምፄን እንኳን ሳላለዝብ ለሻለቃ አደረስኩላቸው።

ሻለቃ ካርታው ላይ ጎንበስ አሉ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። የጋራዡን ሰውዬ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ፊቴ የተቀመጠው ተራራ ውስጥ የተደበቀ፣ ዓይኑ የጠፋ አዛዥ ነበር።

«ጋሽ አያሌው፣ እንዲህ ይበሏቸው» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት ቦምብ ተራራዬን ብትነካ ወደቡን ከነሕዝቡ አመድ አደርገዋለሁ። ለማስፈራራት አይደለም። ትእዛዙን ሰጥቻለሁ፤ እኔ ብሞት እንኳን ይፈጸማል። አትንኩኝ።»

ከጋሽ አያሌው ጋር በኮሪደሩ ስንሄድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በእንግሊዝኛ እያሰናዱት መስሎኝ ነበር። ሰማያዊ ክፍል ገባን። ጋሽ አያሌው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡና ተናገሩ።

«እባካችሁ ተራራውን ተዉልን ይላሉ። ለእናንተም ለእኛም አይበጅም። ቁጭ ብለን ብንነጋገር ሁሉም ነገር መላ ያገኛል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሽ አያሌውን አየኋቸው፤ ሜስኪት የሚስትየዋ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የነበረው ፊት ነው። እሳቱን አልተሸከሙም። የአባቴ እኩያ የሆኑ፣ ቤታቸው ያስጠለሉኝ ሰው «አላሉም» ብዬ ፈረንጅ ፊት ላስነውራቸው? ደግሞስ ጨዋታ አይደል?

ሊንዳ እርሳሷን ነከሰች። «አልቆለታል» አለች። «የሚተኩስ ሰው አይለምንም። ጊዜ ሳንሰጠው ተራራውን እንምታ።»

መቱት። ኮሎኔሉ ዳይሱን ወረወረ፤ አንድ ሚሳይል ተርፏል። ወደ ቀይ ክፍል ሄዶ ሻለቃን ምን ታደርጋለህ አላቸው። ሻለቃ በጣታቸው ወደቡን አሳዩ። ኮሎኔሉ ተመለሰና በፎርት ዎርዝ ላይ፣ ማለቴ በወደቡ ላይ፣ ክብ ቀይ ፕላስቲክ አስቀመጠ። ሊንዳ «ጂሰስ» አለች። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ፤ ሳንድዊች መጣ።

ኮሎኔሉ ግን አልሳቀም። ነጭ ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጎ ጻፈ፤ ጠላት መለማመጥ ሲጀምር መተኮስ ወስኗል ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ልመና ባለን ኃይል ሁሉ መምታት። «የሪፖርቱ ራስ ይህ ነው» አለ።

ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ። ከዚህ መስኮት ከሌለው ክፍል ይህ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን የሆነ አገር ያለ፣ የጨዋታ ያልሆነ፣ እውነተኛ ሰው ከልቡ «እባካችሁ» ይላል። በመለመኑም ያቃጥሉታል።

ሻለቃ ከጋሽ አያሌው ጋር የተጣሉት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ወደዚያው ልመለስ።

«አፍ የለህም?» ካሉኝ በኋላ ሻለቃ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። ንዴቱ ከፊታቸው ሲወርድ፣ በምትኩ ስሌት ሲገባ አየሁ። በሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ሰኞ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ሻለቃ።»

«በአታላይነቴ?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

አገጫቸውን አሻሹ። «እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ልጅ ‹ቦይ› ተብያለሁ መሰለህ? በዚህ ዕድሜዬ!» ድምፃቸው ወረደ። «ሂድና አመሰግናለሁ በልልኝ። ሌላ ምንም አትጨምር። ጋሽ አያሌው፣ እርስዎም ምንም አልተናገሩ፣ እኔም ምንም አልሰማሁ።»

ጋሽ አያሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ የሠራሁት ስሕተት አይታየኝም» አሉ። «ግን እርስዎ ካሉ ይሁን።»

ኮሪደሩን ብቻዬን ይዤ ሄድኩ። አጭር ኮሪደር ነው፤ መሐሉ ላይ ቆምኩ። አባቴ ትዝ አለኝ። በአብዮቱ ዘመን ሊወስዱት የመጡት ሰዎች አልጮኹም፤ አልገፈተሩትም። «ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አሏት እናቴን፣ እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ። እናቴ ምሳውን ከድና ቆየችው። አልተመለሰም። ስለዚህ ኮሎኔሉ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ነገር ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በለስላሳ ቃል ውስጥ የሚመጣ ሞትን አውቀዋለሁ። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ በዚያ ሰሌዳ ላይ አባቴን የወሰዱት ሰዎችና ጋሽ አያሌው አንድ ሆነው ተጽፈዋል።

ገባሁ። ኮሎኔሉ በፈገግታ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ምን አለ?»

«አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የሻለቃ እንጀራ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥላለች። ሊንዳ ቦርሳዋን መሰብሰብ ጀምራለች።

«አልለመነም» አልኩ።

«ምን?»

«ሻለቃው አልለመናችሁም። አላታለላችሁም። ተራራውን ብትነኩ ወደቡን አመድ አደርጋለሁ ነበር ያለው። በግልጽ ነው ያስጠነቀቃችሁ። መልእክቱ በመንገድ ላይ ለሰለሰ።»

ኮሎኔሉ ሁለቱንም እንድጠራ አዘዘኝ። ስንገባ ሻለቃ ዓይኔን አይተው ነገሩ ገባቸው፤ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን ቃሉን ለወጥከው?» አላቸው ኮሎኔሉ ጋሽ አያሌውን። አልተቆጣም፤ የእውነት ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

ጋሽ አያሌው በጣታቸው እየቆጠሩ በዝግታ በእንግሊዝኛ አስረዱት። ሁለት ሰው ሲጣላ የሚናገረው ንዴቱን እንጂ ልቡን አለመሆኑን፤ ሽማግሌ የሚያደርሰው ልቡን እንደሆነ። «የዚህ ሰው ልብ ‹አትንኩኝ› ነው የሚለው። እኔም ያን ነው ያደረስኩት» አሉ።

ኮሎኔሉ አሰበ። «አንተ በምትለው አሠራር ሽማግሌው የት ነው የሚቀመጠው?»

«መሐል ነዋ። ሁለቱም በሚያውቁት ቦታ። ሁለቱም ‹አለዝቦ ነው የሚያመጣልኝ› ብለው ያውቃሉ።» ጋሽ አያሌው ካርታውን ተመለከቱ፤ ከተራራው እስከ ወደቡ በዓይናቸው ሄዱ። «እዚህ መሐል ማን ነው ያለው?»

«ማንም የለም፣ ጌታዬ» አለ ኮሎኔሉ በአክብሮት።

ከዚያ ቀዩን ፕላስቲክ አነሣ። «እንግዲያው እንደገና እንጫወተው» አለ። «ከዚያው ቦታ። አሁን ወጣቱ ያደርሳል። አንድ ቃል ሳትለውጥ።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፎይታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እውነተኛው ቃል ሊሄድ ነው፤ ትክክለኛው ቃል በትክክለኛው አፍ። ከተማዋ ትተርፋለች ብዬ ነበር።

ሻለቃ ያንኑ ደገሙት። እኔ ሰማያዊ ክፍል ውስጥ ቆሜ አልኩት፤ አመዱንም፣ ትእዛዙንም፣ «ብሞት እንኳን ይፈጸማል» የሚለውንም። እንደ ግጥም ነበር የወጣልኝ። ሊንዳ እርሳሷን አስቀመጠች። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«ትእዛዙ ወጥቷል ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው እስከ ጠዋት መጠበቅ አንችልም።» ወደ ኮሎኔሉ ዞረች። «በተራ ቦምብ ከመታነው አንድ ሊተርፍ ይችላል፤ አይተነዋል። እንዲህ ያለ ሰው እጅ አንድም መተው የለብንም። እርግጠኛ የሚያደርገን አንድ ነገር ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሊንዳ ልጇን ልታመጣ የምትቸኩል ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም። በመጀመሪያው ጊዜ ኑክሌር አልነካችም። አሁን፣ የእኔን እውነተኛ ቃል ሰምታ፣ ኑክሌሩን ቀድማ እሷ ተኮሰች። ኮሎኔሉ በተራራው ላይ ቀይ ክብ አስቀመጠ። ዳይሱን ወረወረ። አሁንም አንድ ተርፏል። ሻለቃ እንዳሉት፣ ትእዛዙ ተፈጸመ። በወደቡም ላይ ቀይ ክብ ተቀመጠ። አሁን ሁለት ሆኑ።

ማንም አልሳቀም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የዚያን ቀን መጨረሻ ከመንገሬ በፊት ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። መጋዘኑን በዚያው ሰሞን ተውኩ። ዛሬ የምተዳደረው ሆስፒታልና ፍርድ ቤት በማስተርጎም ነው። ሐኪም «አይድንም» ሲል «አይድንም» እላለሁ። ግን ከማለቴ በፊት የበሽተኛውን ልጅ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ድሮ አላይም ነበር። ግጥም አልተውኩም። ትክክለኛው ቃል ሁሉን ይረታል የሚለውን እምነቴን ግን ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ጥዬዋለሁ። ለስላሳውም ሻካራውም ቃል አንድ እሳት ውስጥ የሚገባበት ጠረጴዛ ሰው ሊሠራ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ አያሌው ተሳስተዋል ወይ? አላውቅም። የእሳቸው ቃል አንዲት ከተማ አቃጠለ፤ የእኔ ደግሞ ተራራውንም ጨመረ። ሁለት መንግሥታት በዜና መግለጫ ሲወራወሩ በሰማሁ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ድምፁን እቀንስና መሐላቸው ማን እንደተቀመጠ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነው። እንደዚያ ባየሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። ፍርሃት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል ይላሉ፤ ይኼኛው አልቀነሰልኝም።

ወደዚያ ክፍል ልመለስ።

ሁለቱን ቀይ ክቦች ከበን ቆመናል። ኮሎኔሉ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን አጠፋው። እስክሪብቶውን እንደያዘ ለጥቂት ጊዜ አሰበ፤ ምንም አልጻፈም። ከዚያ ወደ ሻለቃ ሄዶ እጁን ዘረጋ።

«አታላይ ስላልሆንክ ይበልጥ እፈልግሃለሁ በለው» አለኝ። «ሰኞ ይምጣ። ለቡድኔ ልጆች ይህንኑ ያስተምርልኝ።»

ለሻለቃ ነገርኳቸው። ሥራውን እንዳጡት ቆርጠው ነበርና ፊታቸው ለአፍታ በራ። ቀጥሎ ካርታውን አዩ።

«የቱን ነው የማስተምረው? ጠይቀው» አሉኝ። «ለምነን ሞከርን፤ ተቃጠልን። አስጠንቅቀን ሞከርን፤ ተቃጠልን። የትኛውን መንገድ ላስተምር?»

ጠየቅሁት። ኮሎኔሉ ሳያመነታ መለሰ።

«ሁለቱንም።»

ተረጎምኩት። ምንም አላለዘብኩም፤ የሚለዝብም አልነበረውም።

ሻለቃ ቀስ ብለው የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። የኮሎኔሉን እጅ ጨበጡ፤ ጠንከር አድርገው፣ እንደ ወታደር። ጋሽ አያሌው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅድም ጮኽኩብዎ።»

«ምን ጮኹ? እኔ አልሰማሁም» አሉ ጋሽ አያሌው።

«ሻለቃ፣ ለኮሎኔሉ ምን ልበለው?» አልኩ። «ሰኞን ምን ልበለው?»

«ሰኞ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነኝ በለው። የሱንም መኪና አቆምለታለሁ።»

ወጡ። በሩም ተከትሏቸው ተዘጋ።